ግሪንላንድ እንዴት አደረ?

አትላንታ አጠገብ ባለው የሎረንስቪል ቤታችን ቤዝመንቱ ግሪንላንድ፣ ኪችኑ አይስላንድ፣ ፀሐይ የማይለየው የእኔ ክፍል ደግሞ ቪንላንድ ይባላል። ስም ያወጡላቸው በቅርቡ የተለዩን አጎቴ ናቸው። አትላንታ በበረዶ በተዘጋችበት ሰሞን ቤት ተቀምጠው ስለ ቫይኪንጎች፣ ስለ ጥንቶቹ የሰሜን አውሮፓ ባሕረኞች፣ አንድ ፊልም በቲቪ አዩ፤ ከዚያ ወዲህ የእነዚያን ሰዎች ሰፈሮች አየር ማወዳደር ሥራቸው ሆነ።

"አይስላንድን ባሕሩ ያሞቃታል፤ ሰዎቿ እስከ ዛሬ አሉ። ቪንላንድ ያሏት የሰሜን አሜሪካ ዳርቻ ከሁሉም ትሻል ነበር፤ ግን ቶሎ ጥለዋት ሄዱ። የግሪንላንዶቹ ግን ብርዱ ሲብስ የት እንደገቡ አይታወቅም። የቀረው የቤታቸው ግድግዳ ብቻ ነው" ይሉ ነበር።

"ታዲያ ለምን ቤዝመንት ይተኛሉ? የእኔን ክፍል ይውሰዱ እንጂ" ስላቸው፣ "እዚያም አንድ ሰው መቅረት አለበት" ብለው ይስቃሉ።

ጠዋት ጠዋት እናቴ ወደ ሥራ ከመውጣቷ በፊት ደረጃው አፍ ላይ ቆማ "ጋሼ፣ ግሪንላንድ እንዴት አደረ?" ትላቸዋለች። እሳቸውም ከታች፣ "ቀዝቅዟል፤ ግን ሰው አለ!" ይላሉ።

ከቀበርናቸው ወዲህ ማንም ወደ ታች አልወረደም። ሲቀዘቅዝ በራሱ የሚነሳውን ሂተራቸውን እንኳ ኦፍ ያደረገው የለም።

ትናንት እናቴ የመኪና ቁልፏን እንደያዘች፣ መሞታቸውን ረስታ፣ "ጋሼ፣ ግሪንላንድ እንዴት አደረ?" አለች። አፍረን ዞር ማለት ሲገባን፣ ሁለታችንም መልስ እንደሚመጣ ሁሉ ጠበቅን።

ከታች ሂተሩ በራሱ ተነሳ።

"ቀዝቅዟል" አለች እናቴ፣ ቀስ ብላ።

የቀረውን ለመጨረስ ሁለታችንም አልደፈርንም።