ቧንቧውን ማን ዘጋው

አጣቢዋ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስትደርስ ቁልፉን ቶሎ በሩ ውስጥ አትከትም። መጀመሪያ ጆሮዋን ታስጠጋለች። ትንፋሿን ውጣ እስከ ሃያ ትቆጥራለች። ምንም ካልሰማች ቁልፉን ታዞርና በሩን በእግሯ ጫፍ ትገፋዋለች፤ ከውስጥ እጅ ቢመጣ የሚይዘው ጫማዋን ብቻ እንዲሆን። ከዚያ መብራቱን ታበራለች፣ ቁም ሳጥኑን ትከፍታለች፣ ተንበርክካ ከአልጋው ስር ታያለች። ይህን ሁሉ ጨርሳ ነው ቦርሳዋን የምታስቀምጠው።

ቤቱን ከተከራየች ወር ሊሞላት ነው። በአርባ አራት ዓመቷ የራሷ በር ሲኖራት ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ከአራተኛ ክፍል አቋርጣ ሰው ቤት ገባች፤ እዚያ ማድ ቤት ወለል ላይ ተኛች። ሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ስትቀጠር ደግሞ ወንድሟ ጓሮ ካለችው ክፍል ከእናቷ ጋር ተዳብላ ኖረች። በሰው በር ውስጥ የኖረ ሰው ስለ በር አይጨነቅም። በር የባለቤቱ ጣጣ ነው። አሁን ባለቤቱ እሷ ሆና ነው መከራዋን ያየችው።

ከእሷ በፊት አንዲት ጡረታ የወጣች ነርስ ኖራበት ነበር። ወደ ልጇ ዘንድ ሄዳለች ተባለ እንጂ ቤቱ ገና እሷን አልለቀቀም። መሳቢያዎቹ መድኃኒት መድኃኒት ይሸታሉ። ከበሩ እስከ መታጠቢያ ቤቱ ባለው ግድግዳ ላይ ሥዕል የወረደባቸው አምስት ምስማሮች ተገትረው ቀርተዋል። አጣቢዋ አንዱንም አልነቀለችም። ልብሷንም ቁም ሳጥን ውስጥ አልሰቀለችም፣ ያመጣችበት ሻንጣ ውስጥ ነው ያለው። ባለቤቲቱ ገበያ ወጥታ አሁን የምትመለስበት ቤት ውስጥ በእንግድነት የተቀመጠች ይመስላታል።

ቢሆንም ቤቱን የተከራየችው ለራሷ ብላ አይደለም። እናቷ ዓይኗ ከደከመ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ የምታየው ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው። የወንድሟ ሚስት ደግሞ የጓሮዋን ክፍል ፈልጋታለች። ቀን ተቆርጧል፣ ቅዳሜ። ቅዳሜ አጣቢዋ እናቷን ካልወሰደች አሮጊቷ ገጠር ወዳለ የሩቅ ዘመድ ትላካለች፤ ድምፁን እንኳ ለይታ ወደማታውቀው ሰው ቤት። ግን ቀኑን ሙሉ ብቻዋን የምትውል ዓይነ ስውር ሴት፣ ሌላ ሰው የሚገባበት ቤት ውስጥ እንዴት ትታት ትሂድ?

ሰው መግባቱን ያወቀችው በቧንቧው ነው።

በኖረችባቸው ሰፈሮች ሁሉ ውሃ የሚመጣው ሌሊት ነበር። ስለዚህ ሰው ቧንቧውን ከፍቶ፣ ባልዲ ከስሩ ደቅኖ ይተኛል። ውሃው ሲመጣ ባልዲውን ሲደበድበው ያነቃዋል። እዚህ ግን ውሃ የሚመጣው ማክሰኞና ሐሙስ ረፋድ ላይ ነው፣ እሷ ሥራ በምትሆንበት ሰዓት። ብትዘጋው ውሃ ሳታገኝ ልትውል ነው። እንደ ልማዷ ከፍታው ትሄዳለች፤ ባልዲው ይሞላል፣ የተረፈው በወለሉ መውረጃ ይሄዳል ብላ።

በመጀመሪያው ማክሰኞ ስትመለስ ባልዲው ጢም ብሎ ሞልቷል፣ ቧንቧው ግን ተዘግቷል። ዘግቼው ይሆናል አለች። ሐሙስም ተዘግቶ አገኘችው። በሚቀጥለው ማክሰኞ ከመውጣቷ በፊት ሁለት ጊዜ ተመልሳ መክፈቷን አየች። ማታ ስትገባ ያው ነው። ለመክፈት ሁለት እጅ አስፈለጋት፤ የዘጋው እጅ ከእሷ የበረታ ነበር። ወለሉ ላይ ደግሞ የደረቀ የሳሙና አረፋ ውስጥ የባዶ እግር ዱካ ታትሟል። እግሯን አጠገቡ አድርጋ ለካችው። የእሷን አንድ ተኩል ይሆናል። ሄዳ በሩ መቆለፉን ዳግመኛ አየች።

በማግስቱ ሥራ ቦታ ለሳቂታዋ ነገረቻት። ሳቂታዋ አጠገቧ አንሶላ የምታጥፍ፣ በሰው ቀብር ላይ እንኳ ከንፈሯን ነክሳ የምትውል ሴት ናት።

«ጅን ነው በይኛ» አለች ሳቂታዋ የአንሶላውን ጫፍ እየወረወረችላት።

«ተይ እባክሽ።»

«አይደለም፣ ጅን ቢሆን ይከፍት ነበር። ውሃ ዘግቶ የሚሄድ ጅን ሰምቼ አላውቅም። የጠፋ ነገር አለ?»

«ምንም። ምን አለኝና።»

«ሌባም አይደለማ። ሌባ ደግሞ ጫማውን አያወልቅም።»

«እኔን የሚያስፈራኝም እሱ ነው» አለች አጣቢዋ። «ሌባ ቢሆን የፈለገውን ወስዶ ይሄድ ነበር። ይሄ ቤቱ እንደሆነ ሁሉ ጫማውን አውልቆ ይገባል።»

ሳቂታዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትስቅ ቀረች። አንሶላውን አጥፋ ጨርሳ፣ ከመደርደሪያው ቀይ ክር መዘዘች። በዚህ ክር ተላላፊ በሽታ ካለበት ክፍል የሚመጣው አንሶላ ጫፉ ላይ ይሰፋል፣ ለብቻው እንዲቀቀል። ቀይ ክር ያለበትን አንሶላ በባዶ እጅ የሚነካ የለም።

«እንቺ። ከበሩ እስከ መቃኑ በእርጥብ ሳሙና ለጥፊው፣ ከታች ቁርጭምጭሚት ጋ። ከተበጠሰ ሰው ገብቷል። ካልተበጠሰ አንቺን ነው የምናሳክምሽ።»

የዚያን ሐሙስ ክሩ ተበጥሶ አገኘችው። ግማሹ በሩ ላይ፣ ግማሹ መቃኑ ላይ ተንጠልጥሏል። ከዚያ በኋላ በር ላይ ወንበር ሳታስደግፍ ጎኗን አላሳረፈችም፤ ተኛሁ የምትለውም እንቅልፍ አልነበረም።

ሰኞ የወንድሟ ሚስት ደወለች።

«ለቅዳሜ ተዘጋጅተሻል አይደል? ዕቃዋን መሰብሰብ ጀምሬያለሁ።»

«ቤቱ ገና አልተስተካከለም። ሁለት ሳምንት ብትታገሽኝ።»

«የሁለት ክፍል ቤት ምኑ ነው ወር ሙሉ የማይስተካከለው? ቤተ መንግሥት ነው እንዴ የተከራየሽው? ካልፈለግሽ አልፈልግም በይ፣ ገጠር ያሉት ይጠብቃሉ።»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ተሰማ። የእናቷ ድምፅ መጣ፣ ሁሌም ስልክ ላይ እንደምታደርገው ጮክ ብሎ። «ልጄ፣ እኔ የትም ይሁን የትም ግድ የለኝም። አትጨነቂ። አንድ ጥግ ካለ ይበቃኛል።»

«ቅዳሜ ነው እማ» አለች አጣቢዋ። «ቅዳሜ ትመጫለሽ።» ስልኩን ስትዘጋ ግን ራሷን ጠየቀች። ምን አምና ነው ቅዳሜ ያለችው?

በማግስቱ ማክሰኞ ቧንቧውን ዘግታው ወጣች፤ ሰው የሚገባው ቧንቧው ክፍት ሲሆን ብቻ ነውና እሷ በሌለችበት እንዳይመጣ። ሐሙስ ሳቂታዋ ተካችላትና ቤቷ ዋለች። ቧንቧውን እንደ ድሮው ከፈተችው። ደረጃው ላይ ሰው እንዲሰማት ብላ ወጣች፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ቀስ ብላ ተመለሰች። በሩን ከውስጥ ቆልፋ ቁልፉን ነቀለች። ከዚያ የመወልወያውን እንጨት ጨብጣ ከመኝታ ክፍሉ በር ጀርባ ቆመች። ምን ልታደርግበት እንዳሰበች ራሷም አታውቅም። በዕድሜዋ ሰው መትታ አታውቅም።

አራት ሰዓት ሲሆን ቧንቧው አንድ ሁለት ጊዜ አቃሰተና ውሃው መጣ። ባልዲውን ደበደበው። ቀስ በቀስ ድምፁ እየወፈረ ሄደ፤ ከዚያ ሞልቶ ወለሉ ላይ መፍሰስ ጀመረ። ያኔ ታች በር ሲከፈት ሰማች።

ኮቴው ዝግ ያለ ነው። አንዱን እግር ይጎትታል። ደረጃውን ወጣ። የሷ በር ፊት ቆመ። ቁልፍ ገባ፣ ያለምንም ትግል፣ መንገዱን እንደሚያውቅ። በሩ ተከፈተ፣ ጫማ ሲወልቅ ተሰማ፣ ባዶ እግር በአጠገቧ አለፈ። በበሩ ክፍተት የሰው ጀርባ አየች። እንጨቱን በሁለት እጇ ያዘችው።

መታጠቢያ ቤት ውስጥ ውሃው ቀጥ አለ። «አይ ይቺ ሴትዮ» አለ የወንድ ድምፅ።

እንዴት እንደወጣች አታውቅም። ራሷን ያገኘችው እንጨቱን ከፍ አድርጋ መተላለፊያው መሃል ነው። «እንዳትነቃነቅ» አለች፤ ድምፁ የራሷ አልመሰላትም።

ሰውዬው ክው ብሎ ግድግዳውን ተደገፈ። ሽበታም ነው። አንገቱ ላይ የልብስ ሰፊ ሜትር ተንጠልጥሏል። «እንዴ» አለ ትንፋሹ ሲመለስለት። «ሥራ አልሄድሽም?»

«ቤቴ ነው፣ የት ልሂድ?»

«እሱስ ነው። ግን በዚህ ሰዓት አትኖሪም'ኮ።»

መውጫ መግቢያዋን ማወቁ የባሰ አርበደበዳት። «ቁልፉን ከየት አመጣኸው?»

«ነርሷ ናት የሰጠችኝ። አምስት ዓመት እኔ ዘንድ ምስማር ላይ ነው የሚውለው። እህቴ፣ እንጨቱን ዝቅ አድርጊልኝ፣ ልቤ ደካማ ነው። ከስርሽ ያለሁት ልብስ ሰፊው ነኝ። ደላላው አልነገረሽም?»

«ደላላው የነገረኝ የቆሻሻ መጣያው የት እንዳለ ነው።»

«እኔን ደግሞ ሁሉን ነግሬያታለሁ፣ አታስብ ብሎኛል።» ወደ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ጠቆመ። «ያ መውረጃ ስንጥቅ ነው። የሚፈሰው ሁሉ ስፌት መኪናዬ ላይ ነው የሚዘንበው። ነርሷም እንዳንቺው ከፍታ ትሄድ ነበር፤ ባልዲው ሞልቶ ሲፈስ ስሰማ ወጥቼ እዘጋለሁ። ስትመለስ ተባረክ ትለኛለች። አንቺም አውቀሽ የምትተይው መስሎኝ ነው እንጂ ምን ቆርጦኝ። ወር ሙሉ ስዘጋልሽ፣ ደረጃ ላይ ስታገኚኝ አንገትሽን ደፍተሽ ታልፊያለሽ። ለሚስቴ፣ ይቺ ሴትዮ ኩራት አላት እላት ነበር።»

«ኩራት አይደለም» አለች። እንጨቱን ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። «ፈርቼ ነው፣ ጋሼ። ጫማዎን ለምን ያወልቃሉ?»

«የሰው ቤት አይደለም? በጭቃ ጫማ ልግባ?»

ለአንድ አፍታ ልትስቅ ምንም አልቀራት። ሳቁ ግን ሳይወጣ ቀረ። እጇን ዘረጋች። ሰውዬው ቅር እያለው ቁልፉን መዳፏ ላይ አስቀመጠ። «እንግዲህ ጣራዬን ለአንቺ አደራ ሰጥቻለሁ» ብሎ ጫማውን ሳያስር ወረደ።

ሁለቱንም ቁልፍ ጨብጣ በሩን ዘጋች። አሁን ፍርሃቱ ይለቀኛል ብላ ጠበቀች። አልለቀቃትም። መልክ ያገኘ ፍርሃት ይቀንሳል እንጂ ወዲያው ጓዙን ጠቅልሎ አይሄድም። ከአልጋው ስር ሳታይ አልተኛችም።

ቅዳሜ ወንድሟ እናታቸውን አመጣ። አንድ ጓዝ አስቀምጦ፣ መኪና አቁሜያለሁ ብሎ ሳይቀመጥ ሄደ። አሮጊቷ ግድግዳውን በመዳፏ እየዳበሰች ከበሩ ጀምራ ተጓዘች። አንዱ ምስማር ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ይሄ ምንድነው?»

«የፊተኛዋ ትታው ነው። ነገ እነቅለዋለሁ።»

ወደሚቀጥለው በዳበሳ አለፈች፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው፣ እስከ መጨረሻው። «እንዳትነኪው። አምስተኛው ላይ መታጠቢያ ቤት ነው። ቆጥሬዋለሁ።»

ሰኞ ጠዋት አጣቢዋ እናቷን ከውስጥ ትታ በሩን ቆለፈችና ደረጃውን ወረደች። ሁለተኛ ፎቅ ላይ እግሯ አልሄድ አለ። እማ ብትወድቅ ማን ይከፍትላታል? ሁለቱም ቁልፍ በእሷ ቦርሳ ውስጥ ነው፣ እሷ ደግሞ እስከ ማታ ሆስፒታል። ከልብስ ሰፊው በር ጀርባ የስፌት መኪናው ያጉረመርማል። ያንን ቁልፍ ለማግኘት ስንት ቀን እንደተንቀጠቀጠች አሰበች። ከዚያ አንኳኳች።

«ቁልፉን ምስማሩ ላይ ይመልሱልኝ» አለችው። «እናቴ መጥታለች፣ ዓይኗ አያይም። ድምፅ ከሰሙ ይውጡላት። ግን ከመግባትዎ በፊት ያንኳኩ፣ ማን እንደሆኑም ይናገሩ። ጫማዎንም አያውልቁ። ኮቴ ስትሰማ ይሻላታል።»

«ቧንቧውስ?»

«ከእንግዲህ ዘግቼው ነው የምወጣው። ሰዓቱ ሲደርስ እሷ ትከፍተዋለች።»

ቀኑን ሙሉ አንሶላ ስታጥፍ ልቧ ሦስተኛ ፎቅ ነበር። ሳቂታዋ ሁለት ጊዜ ቀለደችባት፣ ሁለቱንም አልሰማችም።

ማታ በሩ ጋ ስትደርስ እንደ ልማዷ ጆሮዋን አስጠጋች። ትንፋሿን ውጣ መቁጠር ጀመረች። ስምንት ላይ ስትደርስ ከውስጥ፣ በጣም ቅርብ፣ የሆነ ነገር ወለሉን ፋቀ። ከዚያ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«ማነው?»

የእናቷ ድምፅ ነው፤ ግን እንደዚህ ሆኖ ሰምታው አታውቅም። ያንን መንቀጥቀጥ ግን ታውቀዋለች። ወር ሙሉ እሷው ራሷ ስትንቀጠቀጠው የከረመችው ነው።

«እኔ ነኝ እማ።»

«ታዲያ ለምን ቆመሽ ዝም ትያለሽ? ኮቴ ደረጃውን ሲወጣ ሰማሁ፣ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ምርኩዜን ይዤ ቆሜያለሁ'ኮ፣ ልመታሽ ነበር።»

አጣቢዋ በሩን ከፈተች። አሮጊቷ የመጀመሪያው ምስማር ስር፣ ምርኩዟን እንደ መወልወያ እንጨት ከፍ አድርጋ ቆማለች።

«ሁለተኛ እንዲህ እንዳታደርጊ» አለች እናቷ። «ከደረጃው ጀምሮ እየሳልሽ ነይ።»

በማግስቱ ማታ አጣቢዋ ከታች ጀምራ እየሳለች ወጣች። ሁለተኛ ፎቅ ላይ የስፌት መኪናው ጸጥ አለ፤ እሷ መሆኗን ሲያውቅ እንደገና ቀጠለ። በሩን በእጇ ገፋችው። ገብታ ግን አሁንም ተንበርክካ ከአልጋው ስር አየች። እናቷ ስለማታይ አልጠየቀቻትም።