ጣቶቼ የመረጡት ዕጣ

ከማንቡክ ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ አናቱ ሣር የማያበቅል አንድ ኮረብታ አለ። እኛ «ራሰ በራው» እንለው ነበር። ግርጌው ዙሪያውን ቀርከሃ ነው፤ ከቀርከሃው ባሻገር የሰሊጥ ማሳ ተዘርግቷል። አናቱ ላይ የቆመ ሰው ማሳውን ሁሉ ያያል፤ ቀርከሃው ውስጥ የተደበቀም ሰው እርሱን ያያል። ወጣቶች ስለዚያ ኮረብታ በጠየቃችሁኝ ቁጥር በአጭር ቃል ስመልሳችሁ ኖሬአለሁ። አሁን ግን በየምክንያቱ «ሁሉን ለእግዚአብሔር አሳልፌ ሰጥቻለሁ» ስትሉ እየሰማሁ ዝም ማለት ከበደኝ። ቃሉ ለአፍ ቀላል ነው። እኔም ብዬው ነበር። ያን ስል እጄ ምን ይሠራ እንደ ነበር ልንገራችሁ።

ትእዛዙ የደረሰን በኅዳር መጀመሪያ ነው። ሰሊጥ ከደረሰ አይታገሥም፤ ፍሬው ከፈነዳ መሬት ይበላዋል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ገበሬው ታጣቂ ፈርቶ ሳያጭድ ቀርቶ ልጆቹን ጦም አሳድሯል። ስለዚህ የእኛ ጓድ ለአሥር ቀን ማሳውን እንዲጠብቅ ታዘዘ። ከእኔ ጋር አሥራ አራት ሚሊሻዎች ነበርን፤ አዛዡ እኔ ነኝ። አስቀድሞ በደብራችን ሕፃናትን ፊደልና ዳዊት አስተምር ስለ ነበር፣ ክላሽ ከታጠቅሁም በኋላ ሁሉ «የኔታ» ይለኝ ነበር።

ከጓዱ አንዱ የእኅቴ ልጅ ይበልጣል ነው። እኅቴ ባሏንና ታላቅ ልጇን በአንድ ክረምት ቀብራለች። ስንወጣ የጠመንጃዬን ማንገቻ ያዘችና፣ «ወንድም ጋሼ፣ ይህ ልጅ ካልተመለሰ አንተም ደጄን እንዳትረግጥ» አለችኝ። እንደምመልሰው ማልሁላት። የመጀመሪያው ስሕተቴ ያ መሐላ ነበር፤ የማልሁበት ነገር የእኔ አልነበረምና።

በየቀኑ ሦስት ሰው ከንጋት እስከ ምሽት በራሰ በራው ላይ ቃፊር ሆኖ ይቆማል። ቦታው ከሁሉ የከፋ ስለ ሆነ ተረኛው በዕጣ ይለያል። እያንዳንዱ ሰው ጣት የምታህል የቀርከሃ ስንጣሪ ቆርጦ የራሱን ምልክት በቢላዋ ያበጅባታል። በዋዜማው ምሽት ቃፊሮቹ ሲወርዱ ሁሉም ስንጣሪውን በቆቤ ውስጥ ይጨምራል። አቡነ ዘበሰማያት እንደግማለን፤ ሙስሊም ጓዶቻችንም በልማዳቸው ይጸልያሉ። ከዚያ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ሦስቱን አወጣለሁ። ሥርዓቱን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሐዋርያት በማትያስ ጊዜ ያደረጉትን ጠቅሼ፣ «የሚመርጠው እግዚአብሔር ነው፤ የሚያጉረመርም እንዳይኖር» ብያቸው ነበር። የእኔ ስንጣሪ ከቆቡ ውስጥ አልነበረችም፤ አዛዥ ኮረብታው ላይ እንዳይወጣ ታዝዞ ነበር።

በመጀመሪያው ዕጣ ይበልጣል ደረሰው። በማግሥቱ ቀኑን ሙሉ ከሬዲዮው ፊት ተቀምጬ ዳዊት ደገምሁ፤ አንዲትም ቃል ግን ከልቤ አልወጣችም። ጆሮዬ ኮረብታው ላይ ነበር። ሲመሽ ልጁ በደኅና ወረደ።

በሁለተኛው ዕጣ እጄን ወደ ቆቡ ስሰድድ ጣቶቼ ሁለት ጥልቅ ጭረት ያለባትን ስንጣሪ ነኩ። የይበልጣል ናት። ለቀቅኋትና ሌላ አነሣሁ። ዓይኔ እንደ ተጨፈነ ነበር። በሦስተኛውም፣ በአራተኛውም እንዲሁ አደረግሁ። በእነዚያ ቀናት ሰይድ ሁለት ጊዜ ደረሰው። ሰይድ አባቱ ከወሎ ወደ ፓዌ ለሰፈራ ሲመጡ በዕቅፋቸው ይዘውት የመጡ ልጅ ነው፤ አፉ ቀልድ አያጣም።

«የኔታ፣ አላህ ይህን ኮረብታ በስሜ ቆጥሮልኛል መሰለኝ፤ የቀረኝ የመሬት ደብተሩ ብቻ ነው» አለ።

«ጠፍ መሬት! ምን ታበቅልበታለህ?» አለው ይበልጣል።

«የአጎትህ ራስ ያበቀለውን!»

ጓዱ ሁሉ ሳቀ። ራሰ በራው እኔም ቆቤን እንደ ያዝሁ ሳቅሁ።

በአምስተኛው ዕጣ ያልሳቀ አንድ ሰው ነበር። ወንድሙ ይባላል፤ የጉሙዝ ተወላጅ ነው፣ በዚያ ቀርከሃ ውስጥ ያደገ መንገድ መሪያችን። አማርኛን በትልቅነቱ ስለ ተማረ ማንንም አንቱ አይልም፤ ቃሉም አጭር ነው።

«የኔታ፣ ዓይንህ ተዘጋ። እጅህ ግን ያያል። ዛሬ እኔ ላውጣ።»

«የምትጠረጥረው እግዚአብሔርን ነው ወይስ እኔን?» አልሁት።

«አንተን» አለ።

 ቁጣ ጽድቅ መስሎ መጣብኝ። «የጸለይንበትን ዕጣ የሚነቅፍ ነገ ጠመንጃውን አስረክቦ ይሄዳል!» ብዬ ጮህሁ። የልጁን ነፍስ ለማትረፍ የአምላክን ስም እንደ ጋሻ ያዝሁት። ከዚያ ዓይኔን ጨፈንሁ። ሁለቱ ወጡ። ለሦስተኛው እጄን ስሰድድ ሁለት ጭረት ያለባት ስንጣሪ ከጣቶቼ መካከል ገባች። ለቀቅኋት። በእርስዋ ፈንታ የሰይድ ወጣች።

«ሦስተኛዬ» አለ ሰይድ። አልቀለደም።

በማግሥቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ተኩስ ተከፈተ። የመጣው ከቀርከሃው ውስጥ ነው። አጫጆቹ ማጭዳቸውን ጥለው በደረታቸው ተኙ። ከራሰ በራው መልስ ተተኮሰ። ሬዲዮው ጮኸ።

«ከግራ ናቸው! ከግራ!» የሰይድ ድምፅ ነው።

«ስንት ናቸው?»

«ቆመው አይቆጠሩልኝም፣ የኔታ!»

ገበሬዎቹን የሚያሸሹ አራት ሰዎች ተውን። የቀረነው ወደ ግራ ዞርን። ወንድሙ ከፊት ሆኖ በቀርከሃው ውስጥ መራን። በደረታችን ተሳብን። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሬዲዮው ዝም አለ። ሁለት ጊዜ ጠራሁ፤ መልስ የለም። በታጣቂዎቹ ጎን ደርሰን ተኮስን። አራት ሰዓት ላይ ሸሹ።

ኮረብታው ላይ ስንወጣ ሰይድ በግንባሩ ተደፍቶ አገኘነው። አጠገቡ ጥላሁን ወድቋል፤ ያለ ብዙ ወሬ ሥራውን የሚሠራ ያገር ገበሬ ነበር። ሦስተኛው ጭኑን ተመትቷል፤ ወደ ፓዌ ላክነውና ተረፈ።

ይበልጣል ከሰይድ ራስጌ ቆመ። ወደ እኔ ሳይዞር ተናገረ።

«አጎቴ፣ የእኔ ዕጣ ከመጀመሪያው ቀን ወዲህ ለምን አልወጣም?»

«እግዚአብሔር…» ብዬ ጀመርሁ።

«ተው! ስሙን አታንሣ።»

አጨዳው ገና አምስት ቀን ይቀረዋል። ኮረብታው ባዶ ሊያድር ይችላል፤ ባዶ ሊውል ግን አይችልም። ሲመሽ የቀሩት ሁሉ ተሰበሰቡ። ቆቤን በእጄ ይዤ ያደረግሁትን ነገርኋቸው፤ የይበልጣልን ስንጣሪ ስንት ጊዜ እንደ ለቀቅኋት፣ በእርስዋም ፈንታ ማን እንደ ወጣ። አንዱ እግሬ ሥር ተፋ። አንዱ፣ «ከዛሬ ጀምሮ የኔታ የሚልህ ውሻ ይሁን!» አለ። የሰይድ ቅርብ ጓደኛ ጠመንጃውን አቀባበለ፤ ወንድሙ አፈ ሙዙን በመዳፉ ወደ መሬት ተጫነው። እንዲህ አለ፦

«ነገም ሰሊጥ አለ። ቆብ ስጠኝ።»

ሰጠሁት። ጸሎቱን ሌላ ሰው መራ። ወንድሙ ፊቱን ወደ ሰማይ አንጋጦ እጁን ሰደደ፣ አንዲቱን አወጣ፣ በአውራ ጣቱ ዳሰሳት። ሁለት ጭረት ነበረባት። ይበልጣል ወደ መሬት አየ። እኅቴ የጠመንጃዬን ማንገቻ ይዛ ታየችኝ። ይዋረድ እንጂ አዛዥነቱ ገና በእጄ ነው፤ አንድ ትእዛዝ ይበቃኝ ነበር። ወንድሙ ስንጣሪዋን እንደ ያዘ ትክ ብሎ አየኝ።

«ልመልሳት?» አለኝ።

ከዚያ በፊት ስንት ዘመን እንደ ጸለይሁ እናንተ ታውቃላችሁ። ያን ቀን የጸለይሁት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ እርሱንም የተናገርሁት ለሰው ነው።

«አትመልሳት።»

ይበልጣል በንጋት ወጣ። እኔም ቀኑን ሙሉ አልማልሁም፣ አልተሳልሁም፣ ከአምላክም ጋር አልተደራደርሁም። «ልጁ ያንተ ነው» እልና፣ እጄ ደግሞ ሊነጥቀው ሲዘረጋ እየተሰማኝ እንደ ገና «ያንተ ነው» እላለሁ። መታመን ዕረፍት ነው የሚላችሁ ሰው ካለ ያን ቀን ከእኔ ጋር አልነበረም። በአሥራ ሁለት ሰዓት ልጁ ወረደ። ሰላምታ ሳይሰጠኝ በአጠገቤ አለፈ። በሕይወት መመለሱን የእምነቴ ዋጋ አድርጋችሁ እንዳትተርኩት። ባይመለስ ኖሮ ዛሬ በየትኛው አንደበት እንደምናገር አላውቅም፤ አውቃለሁ ብዬ አልዋሽም።

አጨዳው ሲያልቅ ፓዌ ለቅሶ ደረስሁ። የሰይድ አባት ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጠዋል። እጃቸውን ስስም፣ «የአላህ ውሳኔ ነው፤ ምን ይደረጋል» አሉ።

በዚያ ቃል ተሸፍኜ መውጣት እችል ነበር። ደጋግ ሰዎች ሁሉ በዚያ ቃል ያልፋሉ።

«አባቴ፣ በአላህ ላይ አይጣሉት። የእኔ ውሳኔ ነው» አልሁና ሁሉን ነገርኋቸው።

«ለምን ነገርከኝ? በአላህ ተጽናንቼ ነበር» አሉ።

እጃቸውን ደግሜ ልስም ጎንበስ አልሁ፤ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ተነሥ» አሉኝ። ተነሣሁ።

ከአሥራ አራታችን ሁለት ሰው ሞተ፤ አንድ ሰው ቆሰለ። ሰሊጡ ታጭዶ ገባ። ይበልጣል ዛሬ የልጆች አባት ነው፤ በበዓል ቀን በእኅቴ ቤት እንገናኛለን፣ ከእህል ውኃ ወሬ አናልፍም። ጥላሁንን ያወጣው ዕጣው ነው፤ ስለ እርሱ የሚጠየቀውን ለአምላኬ ትቻለሁ። ሰይድን ግን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ስለ እርሱ የምጠየቀውም እኔ ነኝ። ለእግዚአብሔር አሳልፎ መስጠት የራስን ሥራ በእርሱ ላይ መጫን እንዳይመስላችሁ።

የሰይድ አባት በሕይወት አሉ። ይቅርታ እንዲያደርጉልኝ ሽማግሌ ልላክባቸው ብዬ ሦስት ጊዜ አስቤ ሦስት ጊዜ ተውሁት። ሰዓቱን የምመርጥ እኔ አይደለሁም። በገበያ ቀን ሲመጡ ካየሁ ከመቀመጫዬ እነሣለሁ። እርሳቸው ያልፋሉ። እኔም እቀመጣለሁ።