ብራዘር አምባቸው

አምባቸው በቀላሉ የሚደነግጥ ሰው አይደለም። ታከር በምትባል የፈረንጅ ከተማ አንድ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የሚሉትን ዕቃ ማንሻ መኪና ሲነዳ ነው ያረጀው። አንድ ቀን መኪናው ከነጭነቱ ተገልብጦ ሰው ሁሉ ሲንጫጫ፣ እሱ አቧራውን አራግፎ «ሻይ የለም?» ብሎ ተነሣ ይባላል። እኔ ሽፈራው ጎረቤቱ ነኝ። ሣሩን የሚያጭደው በእኔ ማጨጃ ነው፤ መመለስ የሚባል ነገር ግን አልፈጠረበትም። እንግዲህ ይህን ሰው ነው በአንድ ምሽት ደጋግሞ ሲደነግጥ ያየሁት።

አንድ ልጁ ያቤጽ ባለፈው ዓመት በመኪና አደጋ ሞተ። ከዚያ ወዲህ እቤታቸው «ያቤጽ» የሚል ቃል ተሰምቶ አያውቅም። ሚስቱ ፅጌረዳ ስሙ በተነሣ ቁጥር ራሷን ስለምትስት፣ እኛም አፋችንን ሰብስበን ቀረን። በሙት ዓመቱ ቄሱ የጠሩት በክርስትና ስሙ ነው፤ ወልደ ሚካኤል ብለው። አምባቸው ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብሎ «የሌላ ሰው ልጅ የምንቀብር መሰለኝ» አለኝ።

ሰሞኑን ደግሞ ከያቤጽ የኮሌጅ ማኅበር ስልክ ተደወለለት። ፍራተርኒቲ ይሉታል፤ ወንዶቹ እንደ አንድ እናት ልጆች «ብራዘር» እየተባባሉ የሚኖሩበት ነው። ከተመረቁ በኋላም በየዓመቱ ተሰብስበው እራት ይበላሉ። ሊቀ መንበሩ ሚስተር ኮልማን «እራቱ ላይ የሞቱ ወንድሞቻችንን ስም እንጠራለን፤ የልጅዎም ስም ይጠራልና ይምጡልን» አለው።

አምባቸው ያን ማኅበር አንድም ቀን ወዶት አያውቅም። «ጠበል ጸዲቅ የሌለው ምን ማኅበር ነው?» እያለ ልጁን ሲነዘንዘው ነበር የኖረው። የእራቱ ቀን ግን ሱፉን ተኩሶ ደጄ ላይ ቆመ።

«ሽፌ፣ ድራይቭ አድርግልኝ።»

«ምን ልትሰማ ነው? ሐዘንህን ልትቀሰቅስ?»

«ስሙን። ሰው ፊት፣ ጮክ ተብሎ። አንዴ ብቻ ያቤጽ ይበሉልኝ።»

ቁልፌን ይዤ ወጣሁ።

ፒችትሪ ኮርነርስ የሚባል ሰፈር ያለው ሆቴል ደርሰን አዳራሹ ስንገባ፣ ሸበቶ ዳኞችና ሐኪሞች ከነክራባታቸው ተሰልፈው ወለሉን በእግራቸው ይደበድባሉ፤ ያጨበጭባሉ፤ ይጮኻሉ። አምባቸው ክንዴን ጨመደደኝ።

«እነዚህ ሰዎች ደህና ናቸው?»

ጠረጴዛችን ላይ ኤርሚያስ የሚባል እዚሁ ያደገ የእኛ ልጅ አገኘን። ከያቤጽ ጋር አብረው ነው ማኅበሩ የገቡት።

«ያቤጽም እንዲህ ይዘል ነበር?» አለው አምባቸው።

«ኦ ማይ ጋድ፣ ጋሼ! በማኅበሩ ጭፈራ እሱ እኮ ዘ ቤስት ነበር። ሁላችንንም ከፊት ሆኖ ሊድ የሚያደርገን እሱ ነው።»

አምባቸው አፉን ከፍቶ ቀረ። ያ ዝምተኛ ልጁ! ከዚያ ሳቁ አመለጠው። ልጁ ከሞተ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው፤ እኔ ደግሞ ለማልቀስ ምንም አልቀረኝም።

ከእራቱ በኋላ መብራት ጠፋ። ሻማ ተለኮሰ። ሚስተር ኮልማን አንድ ስም ይጠራል፤ ዝም ይባላል፤ ደወል ይደወላል። «ብራዘር ዊልሰን።» ዝም። ደወል። «ብራዘር ጄንኪንስ።» ዝም። ደወል። አምባቸው አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል።

«ብራዘር አምባቸው።»

«አቤት!» አለ አምባቸው፣ ከወንበሩ ብድግ ብሎ።

ጠጉሬ ቆመ። አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አፈጠጠብን፤ አንዲት ሴትዮም «ጂሰስ!» ብላ ጮኸች። ሚስተር ኮልማን የደወሉን መምቻ አየር ላይ እንዳንጠለጠለ ደርቆ ቀረ። ሙታን ሲጠሩ ማን አቤት ብሎ ያውቃል?

ኤርሚያስ በሹክሹክታ «ጋሼ፣ ሶሪ፤ እኛ በላስት ኔም ነው የምንጠራራው» አለ። «ያቤጽን እዚህ ሁሉም የሚያውቀው አምባቸው ብሎ ነው።»

ደሜ ፈላ። ወረቀት ላይ የአባት ስም ላስት ኔም እንደሚሆን ማናችንም አናጣውም፤ ግን እንዲህ ይደረጋል? የልጁን ስም ሊሰማ የመጣን ሰው የራሱን ስም ከሙታን ጋር ያሰሙታል? «ተነሥተህ ንገራቸው!» አልኩት ኤርሚያስን። «ያቤጽ ብለው ይድገሙት!»

ልጁ ሊነሣ ሲል አምባቸው ትከሻውን ያዘው። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ተዋቸው ልጄ» አለ። «ከተወለደ ጀምሮ እኔን ያስቀድመኝ ስል ነው የኖርኩት። ቢያንስ በስም ቀደምኩት።»

ከዚያ ወደ መድረኩ ዞሮ በእጁ ምልክት ሰጠ። ሚስተር ኮልማን ደወሉን መታ። አምባቸው ድምፁ እስኪጠፋ ቆሞ ሰማው።

ወደ ታከር ስንመለስ፣ ስሙን ሳይሰማ ቀረ እያልኩ በሆዴ ስብሰለሰል ቤቱ ደረስን። ፅጌረዳ ነጠላዋን አጣፍታ በረንዳው ላይ ቆማለች። ገና ከመኪናው ሳንወርድ ወደ እኛ መጣች።

«ያቤጽን ጠሩት?» አለች።

ሁለታችንም ክው አልን። አምባቸው የመኪናውን በር ይዞ፣ ትወድቅ ይሆን ብሎ አያት። አልወደቀችም፤ መልሱን ትጠብቃለች።

«ጠሩት» አላት። «እኔም አቤት አልኩለት።»