የጋሼ ግዛቸው ስድስት ሰርተፍኬቶች

ዲቪ ደርሶኝ ከወልድያ በወጣሁበት ማለዳ አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል ወንድሜ በመስኮት በኩል «ዶክመንትሽን ሁሉ ይዘሻል?» ብሎ ጮኸ። «ይዣለሁ» አልኩት። ዋሸሁት። የሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ፤ ሦስት ክረምት ዩኒቨርሲቲ ተመላልሼ የዲግሪዬን ግማሽ ጨርሻለሁ። ትራንስክሪፕቴን ልቀበል ስሄድ ግን የሬጅስትራሩ ሰውዬ «ክሊራንስ አምጪ» አለኝ። ክሊራንሱን የሚፈርመው የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ደግሞ ፈቃድ ላይ ነው። «መቼ ይመለሳል?» ስለው «ሲመለስ» አለኝ። አውሮፕላኑ እሱን አይጠብቅም፤ ባዶ እጄን መጣሁ።

አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ያለችው ኦሮራ ውስጥ ቻምበርስ ሮድ ላይ ከሁለት የቤተ ክርስቲያን እህቶች ጋር አፓርትመንት ተጋራሁ። ገና ሻንጣዬን ሳልፈታ ኮሌጅ ሄድኩ። የመዝገብ ቤቷ ልጅ ፈገግታዋ አያልቅም።

«ትራንስክሪፕትሽ በታሸገ ፖስታ፣ ከተማርሽበት ቦታ በቀጥታ መምጣት አለበት» አለችኝ።

«ደውዬላቸው ነበር። በአካል ካልቀረብሽ አንሰጥም አሉኝ።»

ትንሽ አሰበችና «ታዲያ ለምን አትቀርቢም?» አለች። የምሯን ነው! አገር ቤት ያላችሁ ትስቁ ይሆናል፤ እኔ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ቆሜ ነው ያለቀስኩት። የዴንቨርን ፀሐይ ደግሞ አትመኗት፤ እንደኛው ፏ ትልና ፊታችሁን ብርዱ ይገርፈዋል።

ሥራ ያገኘሁት አየር ማረፊያ ነው፤ ዊልቸር መግፋት። ጋሼ ግዛቸውን ያወቅኋቸው እዚያ ነው። ደሴ የሒሳብ ሹም ነበሩ፤ ዕድሜያቸው ሃምሳን አልፏል። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ገና ደሴ ናቸው። በወጣትነታቸው የጀመሩትን ዩኒቨርሲቲ የደርግ ጊዜው የተማሪዎች ዘመቻ አቋርጦባቸው፣ ከዚያ ትዳርና ሥራ ያዛቸውና ሳይመለሱ ቀሩ። ያን ዲግሪ አሜሪካ ላይ ሊጨርሱ ለእትዬ አስካለ ቃል ገብተው ነበር የመጡት።

የእኔን ጉድ ስነግራቸው ሳቁ። «አንቺ ሞኝ፣ የሚያውቁትን ተፈትኖ ክሬዲት መውሰድ አለ አይደል? ክፍል መግባት የለ፣ ብዙ ወጪ የለ። ፈተናውን ካለፍሽ ኮርሱን እንደተማርሽው ይቆጠርልሻል።»

«እርስዎስ ለምን አይፈተኑም?»

«እኔ ሌላ መንገድ ይዣለሁ» አሉና ከቦርሳቸው የላስቲክ ፋይል አወጡ። የኢንተርኔት ትምህርት ቤት የሰጣቸው ሰርተፍኬቶች ናቸው፤ ማኔጅመንት፣ ኦዲት፣ ምን የሌለ አለ፤ ሁሉም ወርቃማ ማኅተም አላቸው። ስድስቱ ሲሞሉ ወደ ዲግሪ ይቆጠራሉ ብለዋቸው ነበር። አምስቱን ጨርሰዋል።

ጥናቱን ተያያዝነው። በረራ እስኪደርስ መሳፈሪያው በር ላይ ባዶዎቹ ዊልቸሮች ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን እናነባለን፤ የሚያልፈው መንገደኛ ሁሉ በሽተኛ መስለነው ያዝንልናል። ሒሳቡ አላስቸገረኝም። የአሜሪካ ታሪክ ግን መከራዬን አሳየኝ፤ ጋሼ ናቸው በጥያቄ እያፋጠጡ ያስያዙኝ። ለእኔ ከእኔ ይልቅ ይጨነቁ ነበር። ስምንት ፈተና አለፍኩ። እሳቸውም ስድስተኛዋን ሰርተፍኬት ተቀበሉ፤ ያን ለት በእረፍት ሰዓት ለሠራተኛው ሁሉ ዶናት ገዙ።

አንድ የሚያዝያ ጠዋት በረዶ እየጣለ አብረን ኮሌጁ አማካሪ ዘንድ ቀረብን። ጋሼ ሱፍ ለብሰዋል። ሴትዮዋ የእኔን የፈተና ውጤት አየችና «ጥሩ ነው፣ እንቀበለዋለን። የአንድ ዓመቱን ትምህርት ያህል ጨርሰሻል» አለችኝ። ደስታዬን ገና ሳልውጠው የጋሼን ፋይል ከፈተች። የትምህርት ቤቱን ስም ኮምፒውተሯ ላይ ጻፈች፤ እንደገና ጻፈች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ይህ ትምህርት ቤት እውቅና የለውም። ከዚህ ውስጥ አንድም ክሬዲት ልንቀበል አንችልም። በጣም አዝናለሁ።»

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። «ምን አለች?» አሉኝ በአማርኛ።

ዓይኔን ከፋይሉ ሳላነሳ መለስኩላቸው። «ዋናው ቢሮ... ዋናው ቢሮ ያየዋል አለች።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ሴትዮዋን በእንግሊዝኛ አመሰገኑ። ሰርተፍኬቶቹን አንድ በአንድ፣ ጫፋቸው እንዳይታጠፍ እየተጠነቀቁ ወደ ፋይሉ መለሱ። ሴትዮዋም እኔም ልንረዳቸው ብንፈልግ እንኳ እጃችንን የምናስገባበት ቦታ አልነበረም።

አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቆምን። «ጽጌ፣ እንግሊዝኛውን ሰምቼዋለሁ እኮ» አሉኝ።

አፈርኩ። «ታዲያ ለምን ጠየቁኝ?»

«በአማርኛ ስሰማው ሌላ ነገር ይሆን እንደሆነ ብዬ ነው።»

«ጋሼ፣ አሁንም ይቻላል። ፈተናውን ከመጀመሪያው አብረን እንጀምራለን። እኔ ሒሳቡን አስጠናዎታለሁ።»

«ተይ፣ ልጄ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሥራ እየመጣሁ ያንን ኮምፒውተር ሳፈጥበት ከረምኩ። ሌላ ሁለት ዓመት የማወጣበት ዓይን የለኝም።»

የስልክ ካርዳቸውን አወጡና ያን ረጅም የካርድ ቁጥር ሞባይላቸው ላይ መጫን ጀመሩ። ደሴ መሽቷል፤ እትዬ አስካለ ቀጠሮውን ስለሚያውቁ ሳይተኙ ይጠብቃሉ። እኔ የምሰማው የጋሼን ድምፅ ብቻ ነው።

«አዎ፣ ገብተን ወጣን... አይ፣ አልታመምኩም፣ ብርዱ ነው... የኔ አልሆነም፣ አስካለ። አልሆነም። ወረቀቱ አይሠራም አሉ... እሱን ተይው አሁን። ስሚኝ፣ ያቺ የነገርኩሽ የወልድያ ልጅ የለች? እሷ አልፋለች። አንድ ዓመት ሙሉ ቆጠሩላት።»

ስልኩን ሰጡኝ። ጆሮዬ ላይ ሳደርገው በመጀመሪያ ምንም አልነበረም፤ መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። ከዚያ አንዲት አይቻት የማላውቅ ሴት ደሴ ላይ ሆና እልልታዋን አቀለጠችው። ለባሏ ያቆየችው እልልታ ነበር፤ መሐሉ ላይ ድምፅዋ ተሰበረ፣ እንደገና ቀጠለች። ጋሼ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው አውቶቡስ የሚፈልጉ መስለው ቆመዋል።