ኮከብ የሌለው ሳሙና

ረቡዕ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ። ላሊበላ ውስጥ ሳሙና የሚሠሩ አንዲት ሴትና ስለ ሥራቸው ልጽፍ የመጣሁት እኔ ከቤታቸው በረንዳ ላይ ተይዘን ወደ ፖሊስ ጣቢያ ተወሰድን። አንድ ካርቶን ሳሙናም አብሮን ተወሰደ።

ወሩ ጥር ነበር። ዘመኑ ዓርማ የሌለውን ሰንደቅ ዓላማ ማሳየት የሚያስከስስበት፣ የገዥው ግንባር ዘመን ነው። ወይዘሮዋ በገነተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉ ቄስ ባለቤት ነበሩ፤ ባላቸው ሲሞቱ ሁለት ልጆቻቸውን ይዘው ከተማ ገቡ። ሳሙናውን ከሞራ፣ ከኑግ ዘይትና ከኮስቲክ ሶዳ ይሠሩታል፤ ለሽታው ጦስኝ ይጨምሩበታል። ሦስት ቀለም ለየብቻ በጥብጠው አንዱን በአንዱ ላይ ያፈሱና በስንደዶ ጫፍ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ይስቡታል። በማግስቱ በሽቦ ሲቆርጡት እያንዳንዱ ቁራጭ የየራሱ ጥምዝ ይወጣዋል። የዚያን ዕለት የቆረጡት አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ነበር።

መርማሪው ካርቶኑን መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና አንዱን ቁራጭ አነሣ።

«ኮከቡ የታለ?»

«የምን ኮከብ፣ ጌታዬ?»

«የባንዲራው።»

«ይሄ እኮ ሳሙና ነው።»

«ሳሙናም ቢሆን።»

ወይዘሮዋ ትንሽ አሰቡበት። «በምን ላቁመው? ሳይረጋ ካስገባሁት ይዋኛል፤ ከረጋ አይገባም።»

በሩ ላይ የቆመችው ጠባቂ ፊቷን ወደ ውጭ አዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

የሴቶቹ ክፍል ለሁለት ሰው ይጠብባል። ወለሉ ባዶ ሲሚንቶ ነው፤ ጥግ ላይ ቢጫ ጀሪካን አለ። ጠዋት ጠዋት ብርዱ ከወለሉ ተነሥቶ ጉልበት ውስጥ ይገባል። የወይዘሮዋ እጅ ጦስኝ ጦስኝ ስለሚሸት ክፍሉ የጣቢያ ክፍል አይመስልም ነበር። ማስታወሻ ደብተሬን ስለወሰዱብኝ የምሰማውን በቃሌ መያዝ ነበረብኝ።

«አረንጓዴውን ከምን ያወጡታል?» አልኳቸው።

«እዚህም መጠየቁን አልተውሽም?»

«ጨርሰው አልነገሩኝም እኮ፣ እትዬ።»

«ቀዩ አፈር ነው፣ በነጠላ የተነፋ። ቢጫው እርድ። አረንጓዴው ቆስጣ ነው፤ አድርቄ እወቅጠዋለሁ። የቆስጣ ነገር መቼም...» ንግግራቸውን አቋረጡ። «ካርቶኑን የት ነው ያኖረው?»

«ጠረጴዛው ላይ፣ መስኮቱ ሥር።»

«ክዳኑስ?»

«ክፍት ነው።»

«እሰይ!» አሉና ነጠላቸውን ተከናንበው ወደ ግድግዳው ዞሩ። «ቆስጣ ፀሐይ ከመታው ሁለት ሳምንት አይዘልቅም። እንደ አተላ ነው የሚሆነው።»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ለብቻቸው ተጠሩ። አንድ ሰዓት ገደማ ቆዩ። በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ ጫማዬን ሦስት ጊዜ አውልቄ ሦስት ጊዜ አደረግሁ።

«ቀለሙን ያዘዘችኝ ጋዜጠኛዋ ናት ብለሽ ፈርሚና ዛሬውኑ ወደ ልጆችሽ ሂጂ አለኝ» አሉኝ ሲመለሱ።

«ምን አሉት?»

«መነጽሬን ቤት ረስቻለሁ አልኩት።»

«መነጽር አለዎት እንዴ?»

«ከየት አምጥቼ!» ተቀመጡና እግራቸውን ዘረጉ። «ራሱ አነበበልኝ። ይሄ የኔ ቃል አይደለም አልኩት። አልፈረምኩም።»

ልጆቻቸው ጎረቤት ዘንድ ነበሩ። ስለ እነርሱ ያን ቀን ምንም አላነሡም።

ዓርብ ፍርድ ቤት ቀረብን። ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም፣ አሥራ አራት ቀን ይሰጠኝ አለ። ልቃወም ስነሣ ወይዘሮዋ ቀሚሴን ይዘው ቁጭ አደረጉኝ።

«ተይ አንቺ! ይስጧቸው።»

ዳኛው ተቃውሞ እንዳላቸው ጠየቋቸው።

«የለኝም፣ ክቡር ዳኛ። ቢያንሳቸው እንኳ ይጨመርላቸው።»

መርማሪው ዞር ብሎ አያቸው። ቀኑ ተፈቀደለት።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ካርቶኑ በኤግዚቢትነት ቀረበ። ዳኛው ከመዝገቡ «አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀለም ያለው» የሚለውን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። ከዚያ አንድ ቁራጭ አውጥተው አገላበጡ። ሌላ አወጡ።

«አረንጓዴው የትኛው ነው?»

መርማሪው ቀርቦ በጣቱ አሳየ።

«ይሄ ቡኒ ነው።»

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ያኔ አረንጓዴ ነበር።»

ዳኛው ወደ ወይዘሮዋ ዞሩ። «እርስዎ ምን ይላሉ?»

«ቆስጣ ነው፣ ክቡር ዳኛ። ጎመን አሥራ አምስት ቀን ፀሐይ ላይ ሲውል እሱ እያየው ነበር፤ እኔ ተቆልፎብኛል።»

ችሎቱ ሳቀ። ዳኛው ጸጥታ ለማስከበር ጠረጴዛውን ሲመቱ ሳሙናውን አልለቀቁትም ነበር፤ የመቱትም በእሱ ነው። የጦስኙ ሽታ እኔ እስከተቀመጥኩበት ደረሰ። መዝገቡ ተዘግቶ ሁለታችንም እንድንፈታ፣ ሳሙናውም ለባለቤቱ እንዲመለስ አዘዙ።

ዕቃችንን ለመውሰድ ወደ ጣቢያ ተመለስን። ወይዘሮዋ ከካርቶኑ አንድ ቁራጭ መርጠው ግቢ ውስጥ ወዳለው ቧንቧ ሄዱ። መርማሪው በረንዳው ላይ ቆሞ ነበር። እጃቸውን እስከ ክርናቸው፣ ፊታቸውን፣ አንገታቸውን ሳይቸኩሉ ታጠቡ፤ አረፋው ነጭ ነበር። በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን አደረቁና ሳሙናውን ቧንቧው ሥር ካለው ድንጋይ ላይ አስቀመጡት።

«ይሄ፣ ውስጥ ላሉት ነው» አሏት ለጠባቂዋ። «ማንም እንዳያነሣው።»

«እሺ፣ እማማ» አለች።

ሥራዬ ያየሁትንና የሰማሁትን መጻፍ ነው። ፈርተው እንደነበር ጠይቄያቸው አላውቅም፤ ዛሬ ላይ ሳስበው ያልጠየቅኩት ጥያቄ እሱ ብቻ ነው።

በማግስቱ አዲስ ሳሙና አፈሰሱ። በሦስተኛው ቀን በሽቦ ሲቆርጡት አጠገባቸው ነበርኩ፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ፎቶ አነሣሁት። ጽሑፉ በጋዜጣችን ሰባተኛ ገጽ ላይ ወጣ። ፎቶው የታተመው በጥቁርና ነጭ ነው።