ለገዳም የታጨችው እህቴ

ታናሽ እህቴ ገዳም እገባለሁ ያለች ቀን ደናግሉን በሙሉ ጠላኋቸው። አሁንም አልወዳቸውም፤ ይህን ከጅምሩ ብናገር ይሻላል። እኛ ከጉራጌ የመጣን ካቶሊኮች ነን። ገርጂ ኮንዶሚኒየም ከእናታችን ጋር እንኖራለን፤ ወሎ ሰፈር ደግሞ አባታችን ትቶልን የሞተ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለን። ሱቁ የሁለታችን ነው ይባላል እንጂ የምትሠራው እሷ ናት። ደንበኛው ስለ መኪናው ሕመም መናገር ሲጀምር የትኛው ዕቃ እንደሚያስፈልገው ታውቃለች። እኔ ታላቋ አፍ ብቻ ነኝ። እንግዲህ እሷን ወስደው እኔን ከብሎንና ከካምቢዮ ጋር ሊተዉኝ ነው። ጥሪ ነው ይሉታል። ማን ሱቁን ይጠብቅ ብሎ የጠየቀ ግን የለም።

የደናግሉ ማኅበር አንዲትን ልጅ ከመቀበሉ በፊት የጥሪ ኃላፊዋ ሲስተር ቤቷ ድረስ መጥተው ቤተሰቡን ያያሉ። እናቴ ይህን ስትሰማ ሽማግሌ የሚላክብን መሰላት። መጋረጃ አጠበች፣ አጎታችንን ጋቢ አስለብሳ ሶፋው ላይ አስቀመጠችው፣ ክትፎና ቆጮ አሰናዳች። እህቴን ደግሞ “ዓይንሽን አታንሺ፣ ካልጠየቁሽ አትናገሪ” እያለች ስትመክራት አደረች። እህቴ ሳህን ታጥባለች።

የድህነት መሐላ የፈጸሙት ሴትዮ ነጭ ፒክአፕ እየነዱ መጡ። እኔ የሱቅ ባለቤት ተብዬ መገናኛ ላይ ለታክሲ እሰለፋለሁ። አጭር፣ ወፍራም፣ ሸራ ጫማ ያደረጉ ሴት ናቸው። ገና ሲቀመጡ ነው ደሜ የፈላው።

እናቴ በወሬ አላስበላቻቸውም። “ሲስተር፣ ይቺ ልጅ እኮ ድምጿ አይሰማም። እሺ እንጂ እምቢ የሚል ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም” አለች።

“ውኃ ናት፣ ውኃ” አለ አጎቴ።

እህቴ ጥርሷን ነክሳ ምንጣፉን ታያለች። ሲስተር አንድ ቃል አልተነፈሱም። ዝምታቸውን ሳይ፣ በቃ ወደዷት፣ እንዲህ አንገቷን የደፋች ነው የሚፈልጉት አልኩ በልቤ። ልጅቷ ከእጄ ልትወጣ ነው። አላስቻለኝም።

“ውሸት ነው!” አልኩ። “ይቺ እልኸኛ ናት ሲስተር፣ ካላወቁ ልንገርዎት። የታክሲ ረዳት አሮጊት ላይ ሲጮህ ካየች ይቅርታ ሳታስጠይቀው አትወርድም። ባለፈው ደንበኛ ፊት አዋርዳኛለች። የፍሬን ሸራውን ኦርጅናል ነው ብዬ ልሸጥ ስል ‘ፎርጅድ ነው፣ አይግዙ’ አለችው፤ እኔ እዚያው ቆሜ! ተደባደብን ማለት ይቻላል። በኋላ ስለጮኸችብኝ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ስለ ሸራው ግን ለምኛት፣ ተሳድቤ፣ አልቅሼ፣ ወይ ፍንክች!”

የእናቴን ፊት ማየት አልቻልኩም። ሲስተር ወደ እህቴ ዞሩ።

“እውነቷን ነው?”

“እውነቷን ነው” አለች እህቴ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ። “ረዳቱን ግን ሰድቤዋለሁ። እሱ ጥፋቴ ነው።”

ሴትዮዋ ሳቁ። ሆዳቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁና የክትፎውን ሳህን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

“እናቴ፣ አይቀየሙኝ” አሏት እናቴን። “ቅድም እርስዎ ሲናገሩ እዚህ ቤት የመጣሁት በከንቱ ነው ብዬ ነበር። እሺ ብቻ የምትል ልጅ ስትመጣ እንፈራለን። እግዚአብሔርን ትታዘዝ፣ የሰው ዓይን ትፍራ፣ በምን እናውቃለን? ይሉኝታን ትሕትና ነው ብለን እየተቀበልን ስንት ልጅ ተጎድታብናለች። ጥፋቷን የምታምን፣ እውነቱን ደግሞ የማትለቅ ከሆነች ግን ቀሪውን አብረን እናየዋለን።” ከዚያ እኔን አዩኝ። “አንቺ ባትኖሪ ኖሮ ትቻት ልሄድ ነበር።”

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ያን ሁሉ ቅቤ የበላ ክትፎ ፊቴ ተቀምጦ ምን ላድርገው? ሲስተር ጠግበው በሉ፣ አጎቴ መረቀ፣ እናቴም ሳምንት ሳይሞላ ልጄን ያስመረጥኳት እኔ ነኝ እያለች ለጎረቤት ማውራት ጀመረች። እኔ ሱቅ ገብቼ በሩን ከውስጥ ዘጋሁና ደንበኛ ሲያንኳኳ አልከፈትኩም። ተናድጄ ነበር። ፈርቼም ነበር፤ ከእሷ በቀር ተሳስተሻል የሚለኝ ሰው በዓለም ላይ የለኝም።

የምትገባበት ቀን ሻንጣዋን ተሸክሜ አያት ሰፈር ገዳሙ ድረስ ሸኘኋት። ግቢው በር ላይ ስንደርስ፣ ዘበኛው ሊከፍት ሲነሳ፣ ክንዷን ያዝኩ።

“አልረፈደም” አልኳት። “እምቢ በያቸው። እምቢ ማለት መቼ አቅቶሽ ያውቃል?”

“አላቃተኝም” አለች፣ ሻንጣውን ከእጄ እየወሰደች። “ይኸው አንቺን እምቢ እያልኩሽ አይደል?”