ጋሼ ይለኩት

ልጅ እያለሁ ልደታ ውስጥ ቦቼ የማይጫወት ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። ጥፋቱ የጋሽ መኮንን ነው። ጠዋት ሒሳብ ያስተምሩናል፣ ከሰዓት ደግሞ የሱዚና የፔፕሲ ጨዋታችንን አስጥለው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለችው ጠባብ የአሸዋ ሜዳ እኛን ሴቶቹን ያሠለጥኑናል። ቦቼን ለማያውቅ፦ መጀመሪያ ትንሿ ኳስ ትወረወራለች፣ ከዚያ ትልልቆቹን እያንከባለሉ እሷ ጋ ማስጠጋት ነው። የቀረበ ያሸንፋል። በቃ።

ጋሼ በወጣትነታቸው ያልወሰዱት ዋንጫ አልነበረም። ድሬዳዋ ድረስ ሄደው አሸንፈዋል፤ ያሠለጠኗቸው ልጆች አድገው ራሳቸው አሠልጣኝ ሆነዋል። ዋንጫዎቹ ቤታቸው ቁም ሳጥን ላይ አቧራ ለብሰው ተደርድረዋል፣ በአንደኛው ባለቤታቸው መርፌና ክር ያስቀምጡበት ነበር። ትልቁ ክብራቸው ግን ዋንጫ አልነበረም። ሁለት ኳሶች እኩል የቀረቡ ሲመስሉ በሲባጎ ይለካል፣ ያኔ ነው ጭቅጭቁ። ጋሼ ሜዳው ላይ ካሉ ግን ተጋጣሚ እንኳን "ጋሼ ይለኩት" ይላል። በገዛ ቡድናቸው ላይ ሲፈርዱ ስንቴ አይቻለሁ። "ሲባጎ ዘመድ የለውም" ይሉን ነበር።

ሰባተኛ ክፍል ስንገባ ጋሼ ተለወጡ። ሰሌዳው ላይ አንዱን መስመር በሌላው ላይ ደርበው ይጽፋሉ። ደብተር ሲያርሙ "አንቺው አንብቢልኝ" ይላሉ። እኛ ከኋላ እንሳሳቃለን። አንድ ቀን እናቴን "ጋሼ እኮ ዓይናቸው ደክሟል፣ ማን ይንገራቸው?" ብላት "አፍሽን ያዢ! ትልቅ ሰው እንዲህ አይባልም!" ብላ ጮኸችብኝ። አፍ መያዝ አይሆንልኝም። ያኔ ግን ያዝኩ።

በዚያው ዓመት ከጠመንጃ ያዥ ሰፈር ልጆች ጋር ለፍጻሜ ደረስን። ያሸነፈ ሐዋሳ ይሄዳል። እኔ ከአዲስ አበባ ወጥቼ አላውቅም፤ ልብሴን ከሳምንት በፊት አጣጥፌ ቦርሳ ውስጥ ከትቻለሁ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር፣ አሸዋው እርጥብ እርጥብ ይሸታል። የመጨረሻዋን ኳስ እኔ አንከባለልኩ። የኔና የአምበላቸው የራሔል ኳስ ትንሿን ከግራና ከቀኝ ያዟት።

"የኛ ናት!" አለች ራሔል።

"በህልምሽ!" አልኳት።

"አትንጫጩ፣ ጋሼ ይለኩት" አለ የነሱ አሠልጣኝ።

ጋሼ ተንበርክከው በእጃቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉና ሲባጎውን ዘረጉ። ጫፉን ያሳረፉት ትንሿ ኳስ ላይ አልነበረም። ወደኔ ኳስ ጠጋ ብላ የተቀመጠች ነጭ ጠጠር ላይ ነበር። አጠገባቸው ቆሜ ነው ያየሁት። ከዚያች ጠጠር ሲለካማ የኔ ትቀርባለች።

"የኛ ናት" አሉ ጋሼ።

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ ጭብጨባ ሆነ። ራሔል አየችኝ፣ ኳሷን አነሳች፣ ሄደች። እኔ ስለ ሐዋሳ እያሰብኩ ነበር። ሄድንም። ሐይቁን አየሁ፣ በመጀመሪያው ዙር ተሸነፍን፣ ተመለስን።

ባለፈው ወር የድሮ ተማሪዎቻቸው ለጋሼ የምስጋና ቀን አዘጋጁ። ሜዳችን ላይ ፎቅ ስለቆመበት አዳራሽ ተከራይተን ነበር። ጋሼን ግራና ቀኝ ክንዳቸውን ይዘው አስገቧቸው። ሁለቱም ዓይናቸው ጠፍቷል። "ሐኪሙ 'ምነው ቀደም ብለው በመጡ ኖሮ' አለን" አሉኝ ባለቤታቸው፣ ሻይ እየቀዱልኝ። የድሎቻቸው ዝርዝር ተነበበ። የመጨረሻው የኛ ዋንጫ ነው። ሰው አጨበጨበ፣ እኔም አጨበጨብኩ። ማልቀስ የነበረብኝ ይመስለኛል። ምንም አልመጣልኝም።

ራሔልም መጥታ አጠገቤ ተቀምጣለች።

"ያን ቀን እኮ ሲባጎው ጠጠር ላይ ነበር" አልኳት።

"ኧረ በናትሽ! አላየሁም መሰለሽ? አሠልጣኛችንም አይቷል።"

"ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ?"

"ጋሼን በሰው ፊት 'አያዩም' የሚላቸው ማን ነው? አንቺ ትያቸዋለሽ?"

የዛሬ ልጆች ጨዋታውን በስልክ ቀርጸው ይከራከራሉ፣ አሠልጣኛቸውን ፊት ለፊት "ተሳስተሃል" ይሉታል። ሰፈሩ ባለጌ ይላቸዋል። እኛ ጨዋ ነበርን። ያን ቀን ሜዳውን ከበን የቆምነው ሁሉ ጠጠሯን አይተናል፤ ያላዩዋት ጋሼ ብቻ ነበሩ።